የሰው ልጅ ቀሚስ

ሱንዱስ የኮንሰርት ጉዞዋን «በራሴ ቃል» ብላ ነበር የሰየመችው። ከኮምቦልቻ ተነሥታ ደሴ ላይ ደገመች፤ ሦስተኛው ተራ የትውልድ ከተማዋ የሐይቅ ነበር። ከዚያ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ እያለች ትቀጥላለች። ዝግጅቱ ሁሉ ሜዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ነው። ስድስቱ ሙዚቀኞች ከእሷ ጋር በአንድ ኮስተር ይጓዛሉ፤ ጀነሬተሩና ስፒከሩ በአይሱዙ ይከተላል።

ይህን ጉዞ ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ያስፈረማት ፕሮዲውሰር ስሟን «ሱንዲ» ብሎ አሳጠረው፣ የምትለብሰውን መረጠላት፣ የወሎ አነጋገሯን «ከተሜ አይወደውም» ብሎ አስጣላት። ውሉ ሲያልቅ አላደሰችም። በአንዲት ጓደኛዋ ቤት የጓዳውን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍና አዲስ አልበም ሠራች፤ ሽፋኑ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች። በየመድረኩም ዘፈን ከመጀመሯ በፊት አንድ ነገር ትናገራለች፦ «ከእንግዲህ ከአፌ የሚወጣው ቃል የራሴ ነው፤ ማንም አይለውጠውም።» ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሴቶቹ እልል ይላሉ።

ከድሮዎቹ ዘፈኖች ይዛ የመጣችው አንዱን ብቻ ነበር፤ «እስክመለስ» የተባለውን። እሱን ትቼ ልሂድ ብትልም የሚለቃት አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት እንደወጣ በየሠርጉና በየታክሲው የተዘፈነ፣ ሱንዱስን ሱንዱስ ያደረጋት እሱ ነው። ሰው አገር የምትሠራ ሴት ልብስ ስትተኩስ ፍቅረኛዋን የምታስብበት ዘፈን ነው። የግጥሙ ደራሲ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሕዝብ» ይላል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ የአገር ግጥም ነው ለማለት።

የሐይቁ ኮንሰርት ዕለት፣ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱንዱስ መድረኩ ላይ ቆማ ማይክ ትሞክራለች። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይመጣል፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ታሪኩ የመድረኩ ሸራ በተርገበገበ ቁጥር ይነጫነጫል። በዚህ መሀል የሜዳውን በር የሚጠብቀው ሰውዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

«አንዲት ሴት በር ላይ አለች» አላት። «ኮንሰርቱ ከሰዓት ነው ብላት እምቢ አለች። ስምሽ ማን ልበል ስላት ‹ሕዝብ መጣ በላት› አለችኝ። ጤነኛ ትመስላለች፤ ልጅም ይዛለች።»

ሱንዱስ ማይኩን ለታሪኩ ሰጠችው። መድረኩን በደረጃው ሳይሆን በጎን በኩል ዘላ ወረደች። እስከ በሩ ያለው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግማሹን ከሮጠች በኋላ ግን የቀረውን በዝግታ ሄደችው።

መስኡዳ በሩ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ቆማለች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ከድሮው ወፈር ብላለች። አጠገቧ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ፣ ፀጉሯ በአዲስ የተሠራ፣ ፌስታል በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለች መስኡዳ።

ሱንዱስ መልሱን ጀምራ አልጨረሰችውም። አቀፈቻት። ሁለቱም ለመላቀቅ አልቸኮሉም።

*

ሁለቱ የተገናኙት ሪያድ ውስጥ፣ ዘጠኝ ልጆች ባሉበት አንድ ትልቅ ቤት ነው። ሱንዱስ ወጥ ቤት ነበረች። መስኡዳ ከእሷ በአምስት ዓመት ትበልጣለች፤ ሥራዋ ልብስ ማጠብና መተኮስ ነበር። የልብሱ ክፍል ከላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ መስኮት የሌለው ነው። ወጥ ቤቱ ሲጸዳ ሱንዱስ ወደዚያ ትወጣና የተተኮሰውን ልብስ እያጠፈች ታግዛታለች።

መስኡዳ የተነሣችው ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ዳር ካለ ቀበሌ ነው። ባሏ ትቷት ሲሄድ የሰባት ወር ልጇን ኢንሳፍን ለእናቷ ሰጥታ ነበር የመጣችው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ጁሪ የምትባል ነበረች፤ ከኢንሳፍ ጋር የወር ታላቅና ታናሽ ናቸው። መስኡዳ የጁሪን ትንንሽ ቀሚሶች ስትተኩስ ድምፅ አታሰማም ነበር። አንድ ቀን ግን ካውያውን ሳታቆም እንዲህ አለች፦

የሰው ልጅ ቀሚስ ላይ እጄ ሲመላለስ፣
አንቺን አለበስኩሽ ልጄ እስክመለስ።

ሱንዱስ የያዘችውን አንሶላ ጣለችው። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ስትላት «ከየትም። አሁን መጣ» አለች መስኡዳ፤ ቀሚሱንም ገለበጠችው። በሁለተኛው ወር ከእናቷ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ኢንሳፍ ጥርስ ማውጣቷን የሚያበሥር፣ ከኋላው የሕፃን ሳቅ ያለበት። ያን ዕለትም ሌላ መጣላት፦

ጥርስ አወጣች ብለው ድምጿን ቢልኩልኝ፣
ሳቋን አገላብጬ አደርኩ ስትስቅልኝ።

ዜማውን ያወጣችለት ሱንዱስ ነበረች፤ በአምባሰል ቅኝት፣ ድምጿን ታች እንዳይሰማ አፍና። ሁለት ዓመት አብረው ቆዩ። ሱንዱስ ወደ አገሯ ስትመለስ መስኡዳ ሻንጣዋን እያሰረችላት «ዝፈኚው። እዚህ ከካውያ ጋር ከሚቀር አገር ይግባ» አለቻት።

ሱንዱስም ልትዘፍነው ነበር። ፕሮዲውሰሩ ግን ሰማውና ራሱን ነቀነቀ። «ዜማው ገዳይ ነው። ግን ‹ልጄ› ካልሽ ማን ለማን ይጋብዘዋል? ለፍቅረኛ አድርጊው» አላት። ሁለተኛውን ስንኝ ሲያይማ ሳቀ፤ «ጥርስ የሚያወጣ ፍቅረኛ አላየሁም» ብሎ ሰረዘው። ለቀሪው አንድ ቀን ሰጣት። በማግስቱ አምስት ቃል ለውጣ መጣች፦

የሰው ሰው ሸሚዝ ላይ እጄ ሲመላለስ፣
አንተን አለበስኩህ ውዴ እስክመለስ።

«የሰው ሰው ሸሚዝ» ያለችው ራሷ ናት። እንዲያውም ኮርታበት ነበር። የደራሲ ስም እንድትሞላ ስትጠየቅ ብዕሩን ይዛ ቆየች። መስኡዳ ብላ ብትጽፍ ለመስኡዳ ደውላ መንገር ሊኖርባት ነው። «ሕዝብ» ብላ ጻፈች። ዘፈኑ ሲወጣ ስልኳን ቀየረች፤ ለሰው ሁሉ ጠፋብኝ አለች።

*

ታሪኩ ኢንሳፍን ድራም ላሳይሽ ብሎ ወሰዳት። ሁለቱ ሴቶች ኮስተሩ ውስጥ ገቡና ጎን ለጎን ተቀመጡ። መስኡዳ ፌስታሉን ፈታች፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ትኩስ ነው።

«ዓሣ ገዝተሽ መጣሽ? ለሐይቅ ልጅ?» አለች ሱንዱስ።

«ሪያድ ሳለሽ ሌላ ምን ታወሪ ነበር? ብዪ።»

ሱንዱስ በላች። ዓሣው ሲጋመስ መስኡዳ ጀመረች።

«ስልክሽ ጠፋ።»

«ቀየርኩት።»

«አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ደውያለሁ። በመጀመሪያ የታመምሽ መስሎኝ ነበር።»

ሱንዱስ እጇን በጋዜጣው ጠረገች። «ዘፈኑን ስትሰሚ ተናደድሽብኝ?»

«መጀመሪያ የሰማሁት እዚያው ነው። አንዲት የደሴ ልጅ በስልኳ ከፍታው። ሸሚዝ ስትዪ ሳቅሁ። ሸጋ አድርገሽ ነው የለወጥሽው፤ ወላሂ ቤቱን አልሰበርሽውም። ከዚያ የልብሱ ክፍል ገብቼ አለቀስሁ። ሁለቱንም አድርጌአለሁ።»

«ዛሬ ስምሽን መድረክ ላይ እጠራለሁ» አለች ሱንዱስ። «ሽፋኑንም አስተካክላለሁ። ለሰው ሁሉ ያንቺ መሆኑን እነግራለሁ።»

«ተይ። ስሜን አትጥሪ። ውጫሌ ላይ ስፌት ቤት ከፍቻለሁ፤ አልሃምዱሊላህ ደኅና ነኝ። አባቴ ከመስጊድ ሲወጣ ልጅህ ዘፈን ገጣሚ ሆነች እያሉ እንዲያስቆሙት አልፈልግም። የመጣሁት ለሌላ ነው።»

በኮስተሩ መስኮት ኢንሳፍ ትታያለች። የድራሙን ሰሃን በአንድ ጣቷ ነክታ ድምፁን ስትሰማ እጇን መለስ አደረገች።

«ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ» አለች መስኡዳ ልጅቱን እያየች። «ስደርስ አምስት ዓመት አልፏት ነበር። እናቴን እማ ትላታለች፤ እኔን መስኡዳ። ምን ታድርግ፤ ስታድግ የሰማችው ይኼንን ነው። እምቢ አትለኝም። ውኃ ቅጂ ስላት ትቀዳለች፤ ቁጭ በይ ስላት ቁጭ ትላለች። ጨዋ ናት። እንግድነት የመጣች ልጅ እንደምትሆነው ጨዋ ናት።»

መስኡዳ ፌስታሉን አጣጠፈች።

«ያንቺን ዘፈን ትወደዋለች። አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ ስታዜመው ‹ይሄ እኮ ላንቺ የተገጠመ ነው፤ እኔ ነኝ የገጠምኩልሽ› አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ‹መስኡዳ፣ ስለ ፍቅረኛ እኮ ነው› አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ፤ እንዳላፍር አስባ። አልተከራከርኳትም። በምን ልከራከር? ዘፈኑ አንቺ ዘንድ ነው።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«አምስቱን ቃል መልሽልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ እሷ በምትሰማበት። ከዚያ እንደፈለግሽ ዝፈኚው።»

«እሺ» አለች ሱንዱስ ቶሎ ብላ። ከዚያ አንገቷን ደፋች፤ «እሺ መስኡዳ።»

*

ነገሩን ለባንዱ ስትነግራቸው ታሪኩ አልተዋጠለትም። «ይሄን ዘፈን እኮ አንቺ አይደለሽም የምትዘፍኚው፤ ሰዉ ነው። አንቺ ቀሚስ ስትዪ አምስት ሺህ ሰው ሸሚዝ ይልብሻል። ትንሽ እንኳ አትሰሚም።»

የማሲንቆ ተጫዋቹ ጋሽ አንዳርጋቸው ጭራውን በዕጣን እያሸ ያዳምጥ ነበር። የቦሩ ሜዳ ሰው ነው፤ ስድሳውን አልፏል፤ ሱንዱስ ከፕሮዲውሰሩ ስትለያይ በመጀመሪያ አብሬሽ ልሥራ ያላት እሱ ነበር።

«ባንዱ ዝም ካለ ትሰማለች» አለ። «እኔ ብቻዬን እከተላታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። መድረክ ላይ ወጥተሽ ቃሉ ተለውጦ ነበር ስትዪ፣ ማን ለወጠው ልትዪ ነው?»

ሱንዱስ ይህን አላሰበችውም ነበር። ፕሮዲውሰሩ ነው ብትል ሁሉም ያምናታል። ባለፉት ሁለት መድረኮች «ማንም አይለውጠውም» ስትል እሱን ማለቷ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲያውም ይጨበጨብላታል። ግማሹ እውነት ነው ደግሞ፤ ለፍቅረኛ አድርጊው ያለው እሱ ነው።

«እንጃ» አለች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለሽ» አለና ጋሽ አንዳርጋቸው ማሲንቆውን መቃኘት ጀመረ።

ምሳዋን ለመብላት ወደ እናቷ ወደ ዙለይሃ ቤት ሄደች። መስኡዳንና ኢንሳፍንም ይዛቸው ሄደች። እናቷ እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ ሲነገራት ከልጇ ሳህን ላይ ሥጋውን አንሥታ ለመስኡዳ አጎረሰቻት። «ልጄን በሰው አገር ያጎረስሽልኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። መስኡዳ የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ሱንዱስ ነበረች፤ እኔን ያበላችኝ እሷ ናት ብትልም አልሰማቻትም። ኢንሳፍ ከሁሉም ተለይታ በምንጣፉ ጠርዝ ተቀምጣ፣ ሲሰጧት «ይብቃኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» እያለች ትበላ ነበር። ሱንዱስ አየቻት። ልጅቱ እግሮቿን አጥፋ፣ ቦታ እንዳትይዝ ተሰብስባ ነው የምትቀመጠው።

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ከከተማው ወጣት ሌላ ከአምባሰል በሚኒባስ የመጡ ገበሬዎች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ በሻሻቸውና በአነጋገራቸው ይለያሉ። ሱንዱስ ሁለት ሰዓት ያህል ከአዲሱ አልበም ዘፈነች። ድምጿ ልኩን አግኝቶ ነበር። በየዘፈኑ መሀል ግን ከፊት መስመር በስተግራ የቆሙትን ሁለቱን ትፈልጋቸዋለች፤ ኢንሳፍ ክንዷን በአጥሩ ብረት ላይ አስደግፋ፣ እናቷ ከኋላዋ፣ እጇን በልጅቱ ትከሻ ላይ ላድርግ አላድርግ የምትል መስላ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ታሪኩ የ«እስክመለስ»ን መግቢያ ሲነካው ሜዳው ጮኸ። ሱንዱስ ማይኩን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «የሰው ልጅ ቀሚስ ላይ» አለች። ታሪኩ እንዳለው ሆነ። ሰው ሁሉ «የሰው ሰው ሸሚዝ ላይ» ብሎ ዋጣት። ድምጿን ከፍ አደረገች፤ እነሱም ከፍ አደረጉ፤ ስሕተት መስሏቸው የሚያርሟት ሳቁ። ኢንሳፍም አብራ ትዘፍናለች፤ አፏ «ውዴ» ሲል ከመድረኩ ይታያል።

ሱንዱስ እጇን አነሣች። ባንዱ ቆመ። የጀነሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አልተሳሳትኩም» አለች። «በመጀመሪያ የተገጠመው እንዲህ ነበር። ይሄ ግጥም የፍቅረኛ አይደለም። አንዲት እናት፣ የሰባት ወር ልጇን አገር ቤት ትታ፣ የሰው ልጅ ልብስ እየተኮሰች የገጠመችው ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዝፈኚው ብላ ሰጠችኝ።»

ከወደኋላ አንድ ሰው «ማን ለወጠው ታዲያ?» ብሎ ጠየቀ፤ ለማፋጠጥ ሳይሆን ለማወቅ ፈልጎ ነው።

ሱንዱስ ወደ ጋሽ አንዳርጋቸው አየች። እሱ ማሲንቆውን አቅፎ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ» አለች። «ቢያስለውጡኝም የለወጥኩት እኔ ነኝ። ቃላቱን ቁጭ ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደስም ብሎኝ ነበር። ላስፈቅዳት ስላፈርኩ ስልኬን ቀየርኩ። በየመድረኩ ቃሌን ማንም አይለውጠውም ስላችሁ የሰነበትኩ ልጅ፣ የሰው ቃል ለውጬ ነው እዚህ የቆምኩት። ዛሬ ልመልስላት ነው። እባካችሁ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።»

ጋሽ አንዳርጋቸው ጀመረ። ሱንዱስ ዐይኗን ጨፍና ሁለቱንም ስንኝ ዘፈነች፤ የቀሚሱንም፣ የጥርሱንም። ሪያድ ውስጥ፣ ጣሪያው ሥር እንደምትዘፍነው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ሳቋን አገላብጬ አደርኩ ስትስቅልኝ» በሚለው ላይ ከሴቶቹ መሀል አንዲት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከዚያ ሌላዋ። ከዐረብ አገር የተመለሱት ናቸው። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

ዐይኗን ስትገልጥ ኢንሳፍ ወደ መድረኩ አታይም ነበር። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ ቀና ብላ፣ የእናቷን አፍ ታያለች። መስኡዳ ድምፅ ሳታወጣ ቃሉን ሁሉ አብራ ትል ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ሱንዱስ ሳትለው ነው የምትለው፤ ልጅቱም ይህን አየች። የጥርሱን ስንኝ ማንም ሰምቶት አያውቅምና።

ከኮንሰርቱ በኋላ ሁለቱ ዙለይሃ ቤት አደሩ። ኢንሳፍ ተኚ ስትባል ተኛች።

*

በማግስቱ ጠዋት ኮስተሩ ወደ ውጫሌ ሲነሣ እናትና ልጅ አብረው ተሳፈሩ። ሱንዱስ ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ነበረች። ሐይቁን ከኋላቸው ትተው ሽቅብ መውጣት ሲጀምሩ፣ ሙዚቀኞቹ ግማሹ አንቀላፍቶ ሳለ፣ የኢንሳፍን ድምፅ ሰማች።

«የማን ቀሚስ ነበር?»

መስኡዳ ከመስኮቱ ዞረች። «ጁሪ የምትባል ልጅ። የሴትዮዋ ልጅ።»

«ምን ዓይነት ነበር?»

«ብዙ ነበራት። ያን ዕለት የነበረው ቢጫ ነው። ደረቱ ላይ ጥልፍ አለው፤ ጥልፉ ላይ ካውያ ከሄደ ይበላሻል። በጀርባው ገልብጬ ነው የምተኩሰው።»

«ትወጃት ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን አይ ብሎ ይገላገል ነበር። መስኡዳ ግን «እወዳት ነበር» አለች። «ሕፃን ነበረች። ስታለቅስ እኔ ጋ ነበር የምትመጣ። ሳቅፋት አንቺን ማን ያቅፍሽ ይሆን እላለሁ። ጥዬሽ መሄዴን የሚያስረሳኝ እሷ ናት፤ የምታስታውሰኝም እሷ ናት።»

መኪናው ሁለት ኩርባ ዞረ።

«ያን ጊዜ ስትነግሪኝ እኮ አላመንኩሽም» አለች ኢንሳፍ።

«አውቃለሁ።»

«አላውቅሽም ነበር።»

መስኡዳ ሳቀች። «እውነትሽን ነው» አለች። «አብሽሪ። እኔም አላውቅሽም ነበር። ጥርስሽን እንኳ በወሬ ነው የማውቀው።»

«አሁን ወልቀዋል እኮ» አለች ልጅቱ። «የድሮዎቹ። እማ አስቀምጣቸዋለች። ስንደርስ አሳይሻለሁ።»

ሱንዱስ ወደ ኋላ አልዞረችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ የአምባሰልን ገደል ስታይ ቆየች።

ውጫሌ ሲደርሱ ወረዱ። የመስኡዳ ስፌት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሯ ሰማያዊ የተቀባ፣ ሁለት የስፌት መኪና ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ሱንዱስ ገብታ አየቻት። ኢንሳፍ ለማንም ሳትናገር ወደ ሴት አያቷ ቤት ሮጣ ሄደችና በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ነገር ይዛ ተመለሰች። የተቋጠረውን ሁለቱ ማሽኑ ላይ ፈትተው አንድ በአንድ ሲያዩ ሱንዱስ ሳትሰናበታቸው ወጣች። ቀስ ብላ በሩን ገርበብ አደረገችላቸው።

*

ነገሩ በስልክ ተቀርጾ ስለነበር በሳምንት ውስጥ ተዳረሰ። ዘፈኑን አበላሸችው ያሉ አሉ። ከፍቅረኛቸው ጋር የተዋወቁበት ዘፈን ነውና ቅር ያላቸው አሉ። መርሳ ላይ ወጣቶቹ «ሸሚዙን! ሸሚዙን!» ብለው አስጨነቋት። እሷም «ሸሚዙን እናንተ በሉት፣ ቀሚሱን እኔ እላለሁ» አለቻቸውና ተራ በተራ ዘፈኑት፤ ከሁሉም መድረክ ያ አማረ። ወልድያ ላይ አንዲት ሴት ከኮንሰርቱ በኋላ ጠብቃ ያዘቻትና፣ ምንም ሳትናገር የልጇን ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት።

ከመድረኩ ላይ የምትናገረውንም ነገር ተወችው። ማን አይለውጠውም፣ ማን ይለውጠዋል የሚለው ነገር እንደምታስበው ቀላል አልመስል አላት። መድረክ ላይ ስትወጣ እንደምን ዋላችሁ ብላ ትጀምራለች።

በታኅሣሥ ዘፈኑን እንደገና ቀረጸችው፤ በጋሽ አንዳርጋቸው ማሲንቆ ብቻ። የደራሲው ስም ላይ ምን ልጻፍ ብላ ለመስኡዳ ደወለች። መስኡዳ ሦስት ቀን አስባ «የኢንሳፍ እናት ብለሽ ጻፊ» አለቻት። ኢንሳፍ ትስማማለች ወይ ስትላት «ጠይቄአታለሁ። ይሁን ብላለች» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከውጫሌ አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ይመጣል። ከጀርባው የስፌት መኪና ይሰማል፤ መስኡዳ አንድ ስንኝ ትልና «ካልወደድሽው ተይው» ብላ ትዘጋለች። ባለፈው ወር የላከችው ስለ ሐይቁ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ውኃው ይተኛል የሚል። ሱንዱስ ደወለችላት። «‹ይተኛል› ዜማው ላይ ያጥራል፤ ‹ይተነፍሳል› ብለው ምን ይመስልሻል?» አለቻት። መስኡዳ ውኃ ሲተነፍስ አላየሁም አለች። ሱንዱስ ሐይቅ ዳር ያደግኩት እኔ ነኝ፤ ይተነፍሳል አለች። ስልኩ እጃቸው ላይ እስኪግል ተከራከሩ፤ አንዳቸውም አልተረቱም።

በመጨረሻ ከስፌት መኪናው ወዲያ የኢንሳፍ ድምፅ ተሰማ። የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

«ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም» አለች። «‹ያዳምጣል› ነው የሚባለው።»

ሱንዱስ ሦስቱን ቃላት በዜማው አንድ በአንድ ሞከረቻቸው።

«መስኡዳ» አለች፤ «ልጅቷን አስፈቅጅልኝ።»